የአሮጌ ብረት መስኮት መስታወት ቅየራ፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ቅዳሜ፣ ከሥራው በፊት

የምንኖረው አራት ኪሎ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ በሚገኝ አሮጌ ሕንፃ ፎቅ ላይ ነው። መስኮቶቹ ሕንፃው ሲሠራ የተገጠሙ የብረት መስኮቶች ሲሆኑ፣ እያንዳንዱ መዝጊያ በቀጫጭን ብረት ተከፋፍሎ መስታወቶቹ በውጭ በኩል በስቱኮ፣ ማለትም ሲደርቅ በሚጠና ሊጥ መሰል ማጣበቂያ፣ ተይዘዋል። የመኝታ ቤቱ መስኮት የቀኝ መዝጊያ የታችኛው መስታወት ከግራ ጥጉ ተነሥቶ ሽቅብ በሚወጣ ስንጥቅ ከተከፈለ ሰንብቷል። ሰሞኑን ግን ስንጥቁ ቅርንጫፍ አውጥቶ አንዱ ቁራጭ በጣት ሲነኩት መነቃነቅ ጀመረ፤ ሰኔም ደጃፍ ላይ ስለሆነ ዝናቡ ሳይጠና ልቀይረው ተነሥቻለሁ። ሂደቱን በየደረጃው የምመዘግበው በዚሁ ቤት ዕድሜያቸው እኩል የሆኑ ሌሎች መስታወቶችም ስላሉ ነው፤ የእነሱ ተራ ሲደርስ እንደ አዲስ መጀመር አልፈልግም።

መስኮቱ የሚከፈተው ከጎረቤት ጋር በጋራ ወደምንጠቀምበት በረንዳ በመሆኑ ከውጭ ቆሞ መሥራት ይቻላል። መስኮቱ ወደ መንገድ የሚመለከት ቢሆን ኖሮ መዝጊያውን ከማጠፊያው አውልቄ ወለል ላይ ሳላስተኛ አልነካውም ነበር፤ የተሰነጠቀ መስታወት ከፎቅ ላይ ሆኖ በአንድ እጅ መፈልቀቅ ለሠራተኛውም ከሥር ለሚያልፈውም ሰው አደጋ ነው።

መሣሪያ ከማንሣቴ በፊት ስንጥቁ ከየት እንደመጣ ማወቅ ፈለግሁ። ጎረቤታችን እማማ ነገሩን በ2017 ዓ.ም. ከአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ እየተነሣ አዲስ አበባን ደጋግሞ ባወዛወዘው የመሬት መንቀጥቀጥ ያመካኙታል። «ያን ሌሊት እኔ አልጋዬ ላይ ሆኜ ያንተ መስኮት ሲንቀጫቀጭ ሰምቻለሁ» ይላሉ። መንቀጥቀጡ የራሱ ድርሻ ይኖረው ይሆናል፤ ነገር ግን የስንጥቁ አካሄድ ሌላ ነገር ይናገራል። በድንጋይ ወይም በኳስ የተመታ መስታወት የተመታበት ነጥብ ላይ ዙሪያውን የሚረጩ ጨረሮች ይታዩበታል። የኛው ግን መሐሉ ንጹሕ ነው፤ ስንጥቁ የሚጀምረው ከጠርዙ ነው፤ ያውም ከታችኛው ብረት ጋር ከሚገናኝበት፣ ቀለሙ አብጦ ከተላጠበት ቦታ። እዚያ ላይ በካቻቢቴ ጫፍ ስጭረው ቀለሙ ተገሽልጦ ቡናማ ዝገት ረገፈ።

ብረት ሲዝግ መጠኑ ይጨምራል፤ ዝገቱ እንደ ዓይነቱ ከበላው ብረት ከሁለት እስከ ስድስት እጥፍ የሚደርስ ቦታ ይይዛል። ከመስታወቱ ጠርዝና ከብረቱ መካከል ያለው ክፍተት ደግሞ ሁለት ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። ዝገቱ ያንን ክፍተት ከሞላ በኋላ የሚሄድበት ስለሌለው መስታወቱን ይገፋል፤ መስታወት ሲጨመቅ ብዙ ይችላል፣ አንድ ጥግ ላይ ሲጎብጥ ግን አይታገሥም። ውኃው እዚያ ለምን እንደተጠራቀመም ግልጽ ነው። ስቱኮው ደርቆና ተሰነጣጥቆ ከመስታወቱ ስለተላቀቀ ነፋስ የሚገፋው ዝናብ በስንጥቁ ይገባል። ከውስጥ በኩል ደግሞ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናትና የክረምት ሌሊቷ ቀዝቃዛ ነው፤ ሰው የተኛበት ክፍል መስታወት ሌሊት ያልበውና ጠብታው ቁልቁል ወርዶ ያው የታችኛው ብረት ላይ ይተኛል። ስለዚህ ዋናው ሥራ ፍሬሙ ላይ ነው። ዝገቱን ሳያነሡ አዲስ መስታወት መግጠም ያንኑ ስንጥቅ በቀጠሮ ማስመጣት ነው።

ቅዳሜ፣ ማውለቅ

በመጀመሪያ የተሰነጠቀውን መስታወት በሁለቱም ፊት ሰፊ ፕላስተር በመስቀልና በጠርዙ ዙሪያ ለጠፍሁበት፤ ቁርጥራጩ ተያይዞ እንዲወጣ እንጂ ተበትኖ እንዳይወርድ። በረንዳው ላይ አሮጌ ብርድ ልብስ፣ በላዩም ካርቶን ዘረጋሁ። ወፍራም የቆዳ ጓንት፣ ሙሉ ጫማ፣ ረጅም እጅጌና የዓይን መከላከያ መነጽር ለዚህ ሥራ የግድ ናቸው። መነጽሩ በተለይ የሚያስፈልገው ለመስታወቱ ብቻ አይደለም፤ የደረቀ ስቱኮ በመሮ ሲመታ የሚፈናጠረው ስባሪ ቀጥታ ወደ ፊት ነው የሚመጣው።

ሌላው ጥንቃቄ የቀለሙ ነው። አሮጌ የዘይት ቀለምና በተለይም ከሥሩ የሚገኘው ቀይ የዝገት መከላከያ እርሳስ የተባለውን መርዛማ ብረት ሊይዝ ይችላል። በአገራችን በቀለም ውስጥ የሚገኘው እርሳስ ከ90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 90 እጅ) እንዳይበልጥ የተደነገገው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው፤ ይህ መስኮት ከዚያ እጅግ ቀድሞ የተቀባ ስለሆነ እርሳስ እንዳለበት ቆጥሬ ነው የሠራሁት። ስለዚህ በእሳት ማቃጠልን ትቻለሁ፤ ብዙ ሰው ስቱኮ ለማለስለስ እሳት ይጠቀማል፤ ነገር ግን የእርሳስ ጢስ ከመልቀቁም በላይ ሙቀቱ ጎን ያለውን ደህናውን መስታወት ይሰነጥቃል። በደረቁ መፈግፈግንም እንዲሁ ትቼ፣ ውኃ በፍሊት መርጫ እየረጨሁ አፍና አፍንጫዬን በጭንብል ሸፍኜ ሠራሁ። ልጆች በረንዳው ላይ እንዳይደርሱ ተደርጓል።

ስቱኮውን ማንሣት ከሁሉም በላይ ጊዜ የበላ ሥራ ነው። በመጀመሪያ በስለት ቢላዋ ስቱኮውና መስታወቱ የሚገናኙበትን መስመር፣ ቀጥሎም ስቱኮውና ብረቱ የሚገናኙበትን ቆርጬ የቀለሙን ልባስ አላቀቅሁ። ከዚያ ጠባብ መሮ በብረቱ ላይ አጋድሜ በትንሽ መዶሻ ቀስ እያልሁ መታሁ። መሮው ወደ መስታወቱ ሳይሆን በብረቱ ርዝመት መንሸራተት አለበት። በላይኛውና በጎኖቹ ስቱኮው ድንጋይ ሆኗል፤ እያንዳንዱ ምት ጥፍር የምታህል ስባሪ ነው የሚያነሣው። በታችኛው በኩል ግን ከብረቱ ተላቆ ስለነበር አንድ ጣት የሚያህል ርዝመት ሙሉውን ተነቅሎ በእጄ ወጣ፤ ጀርባው እርጥብ ነበር። ዝናብ ከጣለ ቀናት አልፈዋል፤ ውኃው ግን እዚያ ውስጥ ተቀምጧል።

ከስቱኮው ሥር መስታወቱን ከብረቱ ጋር የያዙት ትንንሽ የሽቦ መያዣዎች ብቅ አሉ። አንደኛው ጫፋቸው ፍሬሙ ላይ በተበሳ ቀዳዳ ገብቶ ሌላኛው መስታወቱን ይጫናል። ሥራቸው ስቱኮው እስኪጠና መስታወቱ እንዳይወድቅ መያዝ ስለሆነ ይዘነጋሉ እንጂ ቀላል ነገር አይደሉም። ከላይ ያሉት ደህና ናቸው፤ የታቹ በፒንሳ ስይዛቸው ዱቄት ሆኑ። ዚንክ ከተቀባ ሽቦ በደህናዎቹ ልክ አጥፌ አዲስ አዘጋጅቻለሁ።

መስታወቱን ከላይ ጀምሬ ወደ ራሴ እየሳብሁ አወጣሁት፤ የታችኛው ግራ ጥግ ግን አልላቀቅም አለ። ዝገቱ ጠርዙን ነክሶ ይዞታል። በካቻቢቴ ዝገቱን ከሥሩ ፈልፍዬ ሳወጣው፣ መስታወቱ ስንጥቁ በሚነሣበት ቦታ ላይ ጨረቃ መሰል ትንሽ ስብራት ይታያል፤ ፊት ለፊቱ ደግሞ ብረቱ ላይ ንብርብር ዝገት አብጦ ተነሥቷል። ሁለቱን ገጥሜ ሳይ ልክ በልክ ሆኑ። ለእማማ አምጥቼ ባሳያቸው «ይኼማ ቀስ ብሎ የበላው ነው» ብለው መንቀጥቀጡን ከክስ ነጻ አወጡት።

ስባሪውን በካርቶን ጠቅልዬ፣ በፕላስተር አስሬ፣ «የተሰበረ መስታወት» ብዬ በትልቁ ጻፍሁበት። በሰፈራችን ቆሻሻ የሚሰበስቡት የማኅበሩ ሠራተኞች ማዳበሪያውን በእጃቸው አቅፈው ነው ጋሪው ላይ የሚጭኑት፤ በፌስታል ተጠቅልሎ የሚጣል መስታወት የስንቱን እጅ እንደሚቆርጥ ማሰብ ነው። ለጊዜው ባዶውን ቦታ በወፍራም ፕላስቲክና በካርቶን ዘግቼዋለሁ።

እሑድ፣ ፍሬሙ

ዛሬ ሙሉ ቀኑ የፍሬሙ ነው። በሽቦ ብሩሽ የላላውን ዝገት ካራገፍሁ በኋላ፣ መጀመሪያ በቁጥር 80 ቀጥሎም በቁጥር 120 ብርጭቆ ወረቀት ውኃ እያስነካሁ ፈገፈግሁት። በግራው ጥግ ላይ ብረቱ በጥልቀት ተበልቶ ጎድጓዳ ሆኗል፤ አልበሳውም እንጂ ሳስቶ ነበር። እዚህ ላይ የሚነሣው ጥያቄ እስከ ምን ድረስ ይፈገፈግ የሚለው ነው። የእኔ መለኪያ ብረቱ በሙሉ እስኪያበራ ድረስ አይደለም፤ በጎድጓዳው ውስጥ የሚቀረውን ጥቁር ነጥብ በሙሉ አወጣለሁ ብሎ መታገል ብረቱን ያሳሳዋል። በመሮ ጫፍ ሲጫሩት የማይነሣ፣ በጣት ሲያሹት ዱቄት የማይሰጥ ከሆነ ይበቃል።

ከጥጉ አጠገብ በታችኛው ብረት ላይ፣ ወደ ውስጥ የገባ ውኃ እንዲወጣበት ታስቦ የተበሳ ትንሽ ቀዳዳ አገኘሁ። በየዘመኑ በተደራረበው ቀለም ተደፍኖ እስከ ዛሬ መኖሩን አላውቅም ነበር። ነጩን፣ ግራጫውን፣ አረንጓዴውን አልፌ ቀዩ ላይ ስደርስ በሚስማር ከፈትሁት፤ በውኃ ስፈትነው በነጻ ይፈስሳል። እኔ በዚህ ቀዳዳ መደፈን ላይ ነው ጥፋቱን በሙሉ የምጭነው። ዝናብና ላቦት በየክረምቱ ነበሩ፤ ውኃው መውጫ እያለው ግን ብረቱ ያን ያህል ባልተበላ ነበር።

ብረቱን በቲነር በተነከረ ጨርቅ ጠርጌ ከደረቀ በኋላ ዝገት መከላከያ ቀለም አንድ ልባስ ቀባሁት። አንዳንድ ሰው መስታወቱ የሚቀመጥበትን ክፍል «ስቱኮ ይሸፍነዋል» ብሎ ሳይቀባ ይተወዋል፤ ከሁሉም በላይ መቀባት ያለበት ግን እሱ ነው። ስቱኮውም ቢሆን የሚጣበቀው ቀለም በጠጣ ገጽ ላይ ነው እንጂ በባዶ ብረት ላይ አይደለም። ጎድጓዳዎቹን በቀጭን ብሩሽ እየወጋሁ ሞላሁ፤ ቀዳዳው እንደገና እንዳይደፈን ደግሞ የክብሪት እንጨት ሰክቼበታለሁ። ማምሻውን ሁለተኛውን ልባስ ደገምሁ።

ልክ መውሰድ

ልኩን የወሰድሁት ቀለሙ ከደረቀ በኋላ ነው፤ በሁለት ልባስ የተቀባ ብረት ከተፈገፈገ ባዶ ብረት በጥቂቱ ይወፍራልና። የሚለካውም አሮጌው መስታወት ሳይሆን ፍሬሙ ራሱ ነው። በስፋት ላይኛው በኩል 464 ሚሊ ሜትር፣ መሐሉ 463፣ ታችኛው 462 ሆነ። በቁመት ግራው 613፣ ቀኙ 611። ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ ስለካ ሁለቱ ሰያፎች በሦስት ሚሊ ሜትር ተለያዩ፤ ፍሬሙ በትንሹ ዘሟል ማለት ነው።

መስታወቱ የሚቆረጠው ከሁሉም በሚያንሰው ልክ፣ ከዚያም ላይ በእያንዳንዱ ጎን ሁለት ሁለት ሚሊ ሜትር ተቀንሶ ነው። ስለዚህ 458 በ607 ወጣ። ይህ ክፍተት ለብዙ ነገር ያስፈልጋል፦ የፍሬሙን መዝመም ይውጣል፤ ብረትና መስታወት በሙቀት እኩል ስለማይለጠጡ በመካከላቸው መተንፈሻ ይሆናል፤ ስቱኮውም በጠርዙ ዙሪያ እንዲገባ ቦታ ይሰጣል። ከፍሬሙ ጋር ግጥም ብሎ የሚገባ መስታወት ሲያዩት የባለሙያ ሥራ ይመስላል፤ የሚሰነጠቀው ግን እሱ ነው።

በሳምንቱ መሐል፣ ግዢ

መስታወቱን ለመግዛት ከሥራ ስወጣ ወደ መርካቶ ወረድሁ። አሮጌው ባለ ሦስት ሚሊ ሜትር ነበር፤ እኔ ባለ አራት ፈለግሁ። የመስታወቱ መቀመጫ ጥልቀት አራቱን ከስቱኮው ጋር በደንብ ይችላል፤ ክብደቱም ማጠፊያውን አያስጨንቅም። አንድ ካሬ ሜትር ባለ አራት ሚሊ ሜትር መስታወት 10 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ የኛው ወደ 2.8 ኪሎ ነው የሚሆነው፤ በሦስቱ ቢሆን 2.1 ነበር።

የመጀመሪያው ሱቅ ያሳየኝ መስታወት ባለ አራት ተብሎ የቀረበ ቢሆንም ውፍረት በሚለካው መሣሪያ፣ በካሊፐር፣ ስለካው 3.6 ሆነ። ባለ አራት ሚሊ ሜትር መስታወት በምርት ሂደት ልዩነት ሊኖረው ይችላል፤ ተቀባይነት ያለው ልዩነት ግን ወደ ላይም ወደ ታችም 0.2 ነው። ሻጩ «ሁሉም ጋ ያው ነው» አለኝ፤ ሁሉም ጋ ያው አልነበረም። ሁለተኛው ሱቅ ያለው 3.9 ሆኖ ተገኘ፤ ዋጋውም የሚያስቆጭ ልዩነት አልነበረውም። ካሊፐር የሌለው ሰው ጠርዙን ከሜትር ጋር አስጠግቶ ቢያይ ሦስትና አራትን ይለያል።

አቆራረጡን ቆሜ አየሁ። የሱቁ መስታወት ቆራጭ ልጅ ምንጣፍ በተነጠፈበት ጠረጴዛ ላይ መስታወቱን አስተኝቶ መቁረጫው የሚያልፍበትን መስመር በጨርቅ ወለወለው፤ አቧራ ካለ ጭረቱ ይዘላል። መቁረጫውን ነጭ ጋዝ አስነክቶ፣ ማስመሪያውን አጥብቆ ይዞ፣ ከወዲያኛው ጠርዝ እስከ ወዲህኛው ሳያቋርጥ አንድ ጊዜ ብቻ ሳበው። ድምፁ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያልተቆራረጠ ቀጭን ሲርታ ነበር። ልጁ በጭረቱ ላይ ደግሞ አልሄደም፤ ተመላልሶ መጫር ጭረቱን ያበላሸዋል፣ መሣሪያውንም ያዶለዱመዋል። ወዲያው ጭረቱን በጠረጴዛው ጠርዝ ልክ አድርጎ ቁልቁል ጫን ሲለው መስታወቱ ቀጥ ብሎ ተከፈለ። መቁረጫው መስታወቱን አይቆርጥም፤ ስንጥቅ ይጀምርለታል እንጂ፤ ቆየት ሲል ስንጥቁ እየደነዘዘ ስለሚሄድ ነው ልጁ የቸኮለው። ስለታሙን ጠርዝም በድንጋይ እንዲያሻሽልኝ ጠይቄ አደረገልኝ፤ ይህ ለእጅ ብቻ አይደለም፤ ጠርዝ ላይ የሚቀር ሸካራ ነገር ሁሉ የነገ ስንጥቅ መነሻ ነው።

ሒሳብ ስከፍል «ጋሼ፣ በሲልኮን ቢያጣብቁት እኮ በአንድ ሰዓት ያልቅልዎታል፤ ስቱኮ የድሮ ነው» አለኝ። ሲልኮን በአሉሚኒየም መስኮት ላይ ሲሆን ምንም አልልም። በዚህ ዓይነት የብረት ፍሬም ላይ ግን አልፈልገውም። በርካሽ የሚሸጠውና እንደ ኮምጣጤ የሚሸተው ዓይነት ሲደርቅ አሴቲክ አሲድ ይለቃል፤ አሲዱም ቀለሙ ሳስቶ የቀረበትን ብረት ያዘግጋል። የማይሸተው ዓይነት ይህ ችግር የለበትም፤ ቀለም ግን አይቀበልም፤ የሚቀጥለው ሰው መስታወቱን ሲቀይርም ከብረቱ ላይ ፍቆ ለማንሣት ይቸገራል። ስቱኮ በመሮ ይነሣል። ይህንን ሁሉ ለልጁ አላብራራሁለትም፤ «ስለለመድሁት ነው» ብዬ አለፍሁ።

ስቱኮውን ከቀለም ቤት በኪሎ ገዛሁ። የመስታወት ስቱኮ የኖራ ድንጋይ ዱቄትና የተልባ ዘይት ድብልቅ ነው፤ ለግድግዳ ከሚሆነው በጀሶ ከሚሠራው ጋር መምታታት የለበትም፤ ያኛው ውኃ ሲነካው ይፈርሳል። ለብረት ሲሆን ደግሞ ማድረቂያ የተጨመረበት ይሻላል፤ እንጨት ዘይቱን ስለሚመጥ ስቱኮውን ያጠናዋል፣ ብረት ግን አይመጥም። ለኛው መስታወት ዙሪያው ሁለት ሜትር ከአሥራ ሦስት ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ ግማሽ ኪሎ ተርፎ ይበቃል።

ቅዳሜ፣ መግጠም

ጠዋት ሰማዩ ደመና ስላልነበረው ወዲያው ጀመርሁ። ስቱኮው በፌስታል ውስጥ ዘይቱ ወደ ላይ ተንሳፍፎ ነበር፤ መድፋት አያስፈልግም፣ መልሶ ማሸት ነው። ከዳቦ ሊጥ ጠንከር እስኪል፣ ጣት ላይ መጣበቁን እስኪተው፣ ሲያንከባልሉትም ሳይሰነጠቅ ገመድ እስኪሆን ድረስ በእጄ አሸሁት።

በፍሬሙ ውስጥ መስታወቱ በሚደገፍበት ፊት ላይ ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው የስቱኮ ንጣፍ በአውራ ጣት እየተጫንሁ ዙሪያውን ሳላቋርጥ ዘረጋሁ። ከታች ከሁለቱ ጥጎች ገባ ብሎ፣ ከብስክሌት ከመነዳሪ የቆረጥኋቸውን ሁለት ትንንሽ የጎማ ቁራጮች አስቀመጥሁ፤ መስታወቱ የሚቆመው በእነሱ ላይ እንጂ በብረቱ ላይ እንዳይሆን ነው። የውኃ መውጫው ቀዳዳም በስቱኮ እንዳይሸፈን የክብሪቱ እንጨት እስካሁን በቦታው አለ።

መስታወቱን ከታች አሳርፌ ወደ ላይ ገፋሁት። ሲጫኑት እጅ የሚያርፈው በጠርዞቹ አካባቢ ነው፤ መሐሉን መጫን መስታወቱን ያጎብጠዋል። ቀስ በቀስ ዙሪያውን እየተመላለስሁ ስጫን ስቱኮው በውስጥ በኩል እየተገፋ ወጣ፤ መስታወቱና ብረቱ መካከል ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ሲቀር አቆምሁ። ከውስጥ ገብቼ ሳየው ስቱኮው ዙሪያውን ያለ ክፍተት ጠቁሮ ይታያል፤ አየር የቀረበት ቦታ ቢኖር ነጣ ብሎ ይለይ ነበር። በቀኙ ጎን አንድ ቦታ ነጣ ያለ ስለነበር ከውጭ ደገም አድርጌ ተጫንሁት። ከዚያ የሽቦ መያዣዎቹን በቀዳዳቸው አስገባሁ።

የፊተኛው ስቱኮ የዓይን ሥራ ነው። በገመድ መልክ የተንከባለለውን ስቱኮ ዙሪያውን አጣብቄ፣ ስፓቱላውን በ45 ዲግሪ አጋድሜ ከጥግ ጀምሬ እስከሚቀጥለው ጥግ በአንድ ትንፋሽ ሳብሁ። ስፓቱላው ከጎተተ የተልባ ዘይት ጠብታ ማስነካት ይበቃዋል። የስቱኮው የላይኛው ጠርዝ መስታወቱ ላይ የሚያርፍበት ከፍታ በውስጥ በኩል ከሚታየው የብረቱ ጠርዝ በሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ማነስ አለበት፤ ያቺ ክፍተት በኋላ ቀለሙ መስታወቱን የሚይዝባት ናት። ጥጎቹ ላይ ሁለቱ ሰያፍ ፊቶች በአንድ መስመር ሲገናኙ ውኃ የሚተኛበት ቦታ አይኖርም። የታችኛው ጥግ እስኪያምርልኝ ድረስ እያነሣሁ ደጋገምሁት፤ ስቱኮው ለሰዓታት ስለማይደርቅ ለመታረም ጊዜ ይሰጣል፤ ሲልኮን ይህን አያደርግም። የክብሪቱን እንጨት ስነቅለው ቀዳዳው ንጹሕ ነው።

በውስጥ በኩል ተገፍቶ የወጣውን ትርፍ በቢላዋ ቆርጬ፣ ፊቱ ወደ ክፍሉ ጋደል እንዲል አደረግሁት፤ ሌሊት የሚወርደው ላቦት ከመስታወቱ ሥር እንዳይቀር ነው። መስታወቱ ላይ የቀረውን ቅባት ጥቂት የኖራ ድንጋይ ዱቄት ነስንሼ በደረቅ ጨርቅ ጠረግሁት፤ ዱቄቱ ዘይቱን ይመጥጠዋል። መስታወቱን በውኃና በሳሙና ማጠብ ለጊዜው አይገባም።

በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅን በሚመለከት አንድ ነገር መጻፍ አለብኝ። ይህ ዘይት የሚደርቀው ተንኖ ሳይሆን ከአየር ኦክስጅን ወስዶ ነው፤ በዚያ ሂደት ሙቀት ይፈጥራል። የራሰ ጨርቅ ተጨማድዶ በማዕዘን ወይም በቆሻሻ ቅርጫት ከተጣለ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። የኔዎቹን ውኃ ውስጥ ዘፍዝፌ ካወጣሁ በኋላ በገመድ ላይ ለየብቻ አሰጣኋቸው።

ማምሻውን ዝናብ መጣ፤ ያውም ከበረዶ ጋር። ከበረንዳው ጣሪያ ጫፍ ላይ ፕላስቲክ ስለጋረድሁ የበረዶው ፍሬ ስቱኮው ላይ አላረፈም። ዝናብ ራሱ ያን ያህል ባይጎዳውም ትኩስ ስቱኮ ላይ የሚወርድ በረዶ ግን ይበሳሳዋል።

ቆይቶ፣ ቀለም

ስቱኮው በሁለት ሳምንት ገደማ ቆዳ አወጣ፤ በጥፍር ሲነኩት ምልክት አይተውም። በበጋ ቢሆን ቀደም ይል ነበር። ቀለም ሳይቀባ ለወራት መተው ግን አይገባም፤ ፀሐይና ዝናብ ዘይቱን አስጨርሰው እንደ አሮጌው ያሰነጣጥቁታል። በመጀመሪያ ዝገት መከላከያውን ባልተቀባው ቦታ ሁሉ አዳረስሁ፤ ከዚያም የዘይት ቀለሙን በሁለት ልባስ ቀባሁ። ብሩሹን ከስቱኮው አልፌ መስታወቱ ላይ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል አሳረፍሁት። ብዙ ሰው ይህችን ቀጭን መስመር ለውበት ብሎ በምላጭ ይፍቃታል፤ ስቱኮውና መስታወቱ በሚገናኙበት ቦታ ውኃ እንዳይገባ የምትከለክለው ግን እሷ ስለሆነች አልነካኋትም። ቀዳዳውን በቀለም እንዳልደፍን በሚስማር እየወጋሁ ነው የጨረስሁት።

ከተገጠመ በኋላ የታየ ልዩነት አለ። በላይኛው ክፍል ያሉት የቆዩ መስታወቶች ከውስጥ ሆኖ ራስን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲያንቀሳቅሱ የጎረቤቱን ቆርቆሮ ያወዛውዛሉ፤ አዲሱ ግን አያወዛውዝም። አሮጌዎቹ ከቀለጠ መስታወት ሽቅብ እየተሳቡ በተሠሩበት ዘመን የቀረ ሞገድ አላቸው፤ የዛሬው ግን በቀለጠ ቲን ላይ ተንሳፍፎ የተሠራ ነው፤ ይህን ዘዴ የእንግሊዙ ፒልኪንግተን ኩባንያ ይፋ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። ባለቤቴ አዲሱን ወዳዋለች፤ እኔ በበኩሌ ደህና የሆኑትን አሮጌዎች ለማመሳሰል ብዬ አላወጣቸውም።

የውኃ ፍተሻ አደረግሁ፤ በቱቦ ከላይ ወደ ታች ለጥቂት ደቂቃ ውኃ ለቅቄ በውስጥ በኩል ደረቅ ሶፍት በጥጎቹ ላይ አስጠጋሁ። የታችኛው ግራ ጥግ ደረቅ ነው፤ በቀዳዳው የሚወጣ ውኃም የለም፤ ይህም ውኃው ከመጀመሪያውም አለመግባቱን ያሳያል። ከዚያ የቤቱን መስኮቶች ሁሉ እየዞርሁ የታችኛውን ብረት በካቻቢቴ ጫፍ ጫርሁ። ቀዳዳዎቹ በሙሉ በቀለም ተደፍነዋል፤ ሁሉንም ከፍቻለሁ። የሳሎኑ መስኮት የግራ መዝጊያ ታችኛው መስታወት ገና ባይሰነጠቅም ቀለሙ በጥጉ በኩል አብጧል። ያንን ዝገቱ ሳይደርስበት ስቱኮውን በጥንቃቄ አንሥቼ፣ መስታወቱን ሳልሰብር አውጥቼ፣ ብረቱን አክሜ መልሼ ልገጥመው አስቤያለሁ፤ የተረፈው ስቱኮ በፌስታል ታስሮ፣ በላዩ ላይ ጥቂት የተልባ ዘይት ፈስሶበት፣ በክዳን ዕቃ ውስጥ ተቀምጧል።